የነጻው ዘበኛ ተያዥ

አዲስ አበባ ላይ ለግቢው ዘበኛ የሚቀጥር ሰው ስለ ደመወዝ ከመነጋገሩ በፊት «ተያዥህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ስድብ የለበትም፤ ተቀጣሪውም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ዘበኛው ሌሊቱን ነቅቶ ያንጋው ወይም ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛ፣ አሠሪው ራሱ ተኝቶ ስለሚያድር ሊያውቅ አይችልም። ሌባ ሳይመጣ ሲቀርም በዘበኛው ትጋት ይሁን በዕድል የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሊያየው የማይችለውን ትጋት ሊያየው በሚችለው ነገር ይተካዋል፤ ስሙና አድራሻው የታወቀ፣ ነገር ቢበላሽ ተጠርቶ የሚጠየቅ ሰው ከጀርባው እንዲቆም ያደርጋል።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን ለዚህ ችግር «የመረጃ አለመመጣጠን» የሚል ስም ሰጥተውታል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ባሳተመው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ደካማው ሸቀጥ ደህናውን ሊያስወጣው እንደሚችል አሳየ፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማቱን ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ተጋራ። በዚያው ዓመት የካምብሪጁ የኮምፒውተር ደህንነት ምሁር ሮስ አንደርሰን ይኸው አመክንዮ ለደህንነት ሶፍትዌርም እንደሚሠራ ጻፈ። ገዢው ጠንካራውን ጥበቃ ከደካማው መለየት ካልቻለ ለጠንካራው አብልጦ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም፤ አምራቹም አብልጦ የሚደክምበት ምክንያት ያጣል። ዋጋው ዜሮ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ዋጋ ራሱ ይሰጥ የነበረው ደካማ ምልክት እንኳ ይጠፋልና።

ለቤት ኮምፒውተር ነጻ ጸረ ቫይረስ የሚመርጥ ሰው እንግዲህ ዘበኛ እየቀጠረ ነው፤ ያውም በር ላይ የማይቆም ዘበኛ። ጸረ ቫይረስ ሥራውን ለመሥራት የሚከፈተውን ፋይል ሁሉ ያነባል፣ የሚጫነውን ፕሮግራም ሁሉ ይፈትሻል፣ ባለቤቱ የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች አድራሻ ያያል፤ አንዳንዱማ በአሳሹና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን የተመሰጠረ መረጃ ሳይቀር መሀል ገብቶ ይፈታል። ሥልጣኑ ከኮምፒውተሩ ባለቤት ዕለታዊ ሥልጣን ይበልጣል። ይህ ሥልጣን ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ዓለም በጁላይ 19 ቀን 2024 አይቶታል። ክራውድስትራይክ ለድርጅቶች የሚሸጠው የጥበቃ ሶፍትዌር አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ተልኮለት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አራዘሙ። ክፋት አልነበረበትም፤ ስሕተት ብቻ ነበር።

አገር ለቆ የሚኖር ሰው የቤት ኮምፒውተር በውስጡ ምን እንደያዘ ማሰብ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ ውስጥ የምትኖር አንዲት ነርስን እንውሰድ። ስምንት ዓመት ባገለገለው ላፕቶፗ ላይ የግብር ሰነዶቿ፣ ለእናቷ ያስገባችው የስደት ጉዳይ ማመልከቻ ከነፓስፖርቱ ቅጂ፣ የሙያ ፈቃዷ፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የላከችባቸው ደረሰኞች፣ ሰብሳቢ ስለሆነችም የዕቁቡ ዝርዝር ይገኛሉ። ዝርዝሩ የሃያ ሰው ስም፣ ስልክና የባንክ ሒሳብ ይዟል። ልጇም በዚያው ላፕቶፕ ጨዋታ ያወርዳል። እዚህ ላይ የእሷ ምርጫ የእሷ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ ሃያዎቹ የዕቁብ አባላት ያልመረጡት ዘበኛ በንብረታቸው ላይ ተሹሟል። የኮምፒውተር ደህንነት እንደ ክትባት ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቸል የሚለው ሰው ጉዳቱን ብቻውን አይሸከመውም።

ነርሷ ለምርጫው ያላት ጊዜ ከሁለት የሥራ ፈረቃ መካከል የምታገኘው ሩብ ሰዓት ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ የወጣላቸው ዝርዝሮች ታገኛለች። ደረጃ ከሚያወጡት ገጾች ብዙዎቹ አንባቢው ማስፈንጠሪያቸውን ተከትሎ ሲገዛ ኮሚሽን የሚቆረጥላቸው ናቸው። ደላላው በሻጩ የሚከፈለው ከሆነ ምክሩ ምን ያህል እንደሚመዘን አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ዝርዝሮቹ የሚያወዳድሩት ደግሞ የዘበኛውን ዱላ ርዝመት ነው፤ ስንት ቫይረስ እንደያዘ፣ ስንት ተጨማሪ መሣሪያ እንዳለው። ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው አይነግሯትም።

የደመወዙን ጉዳይ ከማንም በላይ ግልጽ የሚያደርገው የአቫስት ታሪክ ነው። ኩባንያው በ1988 በፕራግ የተመሠረተ፣ ጅማሬውም የሚያስመሰግን ነበር። በ2001 ምርቱን ለቤት ተጠቃሚዎች በነጻ መስጠት ሲጀምር ስሌቱ ቀላልና ጤናማ ነበር፤ ብዙዎች በነጻ ይጠቀማሉ፣ ጥቂቶች ገንዘብ ከፍለው የተሻለውን ይወስዳሉ፣ የጥቂቶቹ ገንዘብ የብዙዎቹን ወጪ ይሸፍናል። ነጻ ተጠቃሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ አዲስ ቫይረስ መጀመሪያ የሚታየው በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የኩባንያው ዓይን ነበሩ። ይህ ልውውጥ ፍትሐዊ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ዘበኛው ሁለተኛ ደመወዝ አገኘ። አቫስት ጃምፕሾት የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ ወደ መረጃ ንግድ አዞረው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳለው ከ2014 እስከ 2020 ድረስ የተጠቃሚዎች የድረ ገጽ ጉብኝት ታሪክ ተሰብስቦ፣ ተከማችቶ፣ ከ100 በላይ ለሆኑ ሌሎች ወገኖች በጃምፕሾት በኩል ተሸጧል። ከመረጃው የአንድን ሰው ሃይማኖት፣ የጤና ሥጋት፣ የፖለቲካ ዝንባሌ፣ የሚኖርበትን ቦታና የገንዘብ አቅሙን መገመት ይቻል ነበር። ስሙ ተነሥቷል ቢባልም እያንዳንዱ አሳሽ መለያ ቁጥር ስለነበረው ሰውየውን መልሶ ማግኘት ያን ያህል አስቸጋሪ አልነበረም። ነገሩ በጃንዋሪ 2020 በጋዜጠኞች ምርመራ ሲወጣ ጃምፕሾት በዚያው ወር ተዘጋ። የከፋው ነገር ግን ይህ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሰዎችን በኢንተርኔት ላይ ከሚከታተሏቸው እጠብቃለሁ ብሎ የገባ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2024 ኮሚሽኑ አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና የጉብኝት መረጃን ለማስታወቂያ ዓላማ እንዳይሸጥ የሚያደርገውን ስምምነት ይፋ አደረገ። የቼክ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት 351 ሚሊዮን ኮሩና ቀጣው። ቁጥሮቹ ለብቻቸው ሲነበቡ ትልቅ ይመስላሉ። ጃምፕሾት ግን በራሱ ማስታወቂያ መረጃ የማገኘው ከ100 ሚሊዮን መሣሪያዎች ነው ይል ነበር፤ የአሜሪካው ክፍያ ለዚህ ሲካፈል ለአንድ መሣሪያ 17 ሳንቲም አይሞላም። ቅጣት ተያዥን የሚተካው ከጥፋቱ በፊት የሚያስፈራ ሲሆን ነው፤ ድርጊቱ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣና በነፍስ ወከፍ የአንድ ማስቲካ ዋጋ የማይሞላ ቅጣት እንደ ንግድ ወጪ ይቆጠራል። የሽያጭ እገዳው ከገንዘቡ የተሻለ ዋስትና ነው፤ እሱም የሚያስረው ያንን አንድ ኩባንያ ነው።

ከአቫስት የሸሸ ሰው ብዙውን ጊዜ የት እንደሚደርስም ማየት ያስፈልጋል። አቫስት ኤቪጂን በ2016 በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ኖርተንላይፍሎክ የጀርመኑን አቪራ ወሰደ፣ በ2022 ደግሞ ከአቫስት ጋር ተዋህዶ ጄን ዲጂታል ተባለ። በመሆኑም በነጻ ጸረ ቫይረስ ዝርዝሮች ላይ እንደ ተፎካካሪ የሚቀርቡት አቫስት፣ ኤቪጂና አቪራ የአንድ ጌታ ሎሌዎች ናቸው። ኖርተን በ2021 በደንበኞቹ ኮምፒውተር ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት መሣሪያ ጨምሮ ከሚገኘው 15 በመቶ ለራሱ ይቆርጥ ነበር፤ አቪራም ተመሳሳይ ነገር ይዞ መጣ። መሣሪያው በተጠቃሚው ፈቃድ ብቻ የሚበራ ነበር፤ የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለውም ያው ተጠቃሚ ነው። ለብዙ ዓመታት የሰው ኮምፒውተር እየሰረቀ ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርተው ቫይረስ ነበር፤ ዘበኛው ይህንኑ ሥራ በቆራጭነት ሲጀምር ማየት ያስገርማል።

ከእነዚህ በታች ዘበኛ መስለው የሚገቡ ሌቦች አሉ። ኮሚሽኑ በ2008 በከሰሰው አንድ መረብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች «ነጻ ምርመራ» ተደርጎላቸው፣ የሌለ ቫይረስ ታይቶላቸው፣ 40 ዶላርና ከዚያ በላይ እየከፈሉ የማይሠራ ሶፍትዌር ገዝተዋል፤ በ2012 ፍርድ ቤት በአንዷ ተከሳሽ ላይ የ163 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ሰጠ። ይህ የወንበዴ ሥራ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፣ የ2019ኙ ጉዳይ ባይኖር። ኦፊስ ዲፖ የተባለው የታወቀ የመደብር ሰንሰለትና የቴክኒክ ተባባሪው ሰፖርት ዶት ኮም በአንድነት 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በመደብሮቹ ይሰጥ የነበረው ነጻ ምርመራ ደንበኛው አራት ጥያቄዎች ይጠየቅና ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ የቫይረስ ምልክት ተገኘ የሚል ነበር፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ኮምፒውተርዎ ቀርፋፋ ሆኗል ወይ የሚል ነው። ስምንት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ «አይ፣ ፈጣን ነው» የሚል ማን አለ?

ችሎታ ያለው ዘበኛ ሳይቀር ተያዡ በሌላ አገር ሕግ ሥር ሲሆን ምን እንደሚደርስበት ካስፐርስኪ ያሳያል። በገለልተኛ ቤተ ሙከራዎች ውጤቱ ለዓመታት ከላይ ነበር፤ ነጻ እትምም ነበረው። የጀርመን የመረጃ ደህንነት መሥሪያ ቤት በማርች 2022 እንዳይጠቀሙበት አስጠነቀቀ፤ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴርም በጁን 2024 ሽያጩን ከለከለ፣ ከሴፕቴምበር 29 ጀምሮ ማሻሻያ መላክም ታገደ። በዚያው ሰሞን ብዙ አሜሪካውያን ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ ተነሥቶ አልትራኤቪ የሚባል፣ አብዛኞቹ ሰምተውት የማያውቁት ሶፍትዌር በቦታው ተተክቶ አገኙት። ዘበኛው ሲሄድ ቁልፉን ለማያውቁት ሰው ሰጥቶ ሄደ።

በዚህ ሁሉ መካከል ነርሷ ሳትቀጥረው የተቀጠረ አንድ ዘበኛ አለ። ማይክሮሶፍት በ2004 መጨረሻ ጃያንት የተባለ ትንሽ ኩባንያ ገዝቶ የጀመረው፣ በ2009 ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ ብሎ በነጻ ያቀረበው፣ ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ነው። ስሙ ለረጅም ጊዜ ጥሩ አልነበረም፤ በ2012 መጨረሻ ኤቪ ቴስት የተባለው የጀርመን ቤተ ሙከራ ማረጋገጫውን ነፍጎት ነበር። ዛሬ በዚያው ቤተ ሙከራ ሙሉ ወይም ለሙሉ የቀረበ ነጥብ ማግኘት ልማዱ ሆኗል። ከነጥቡ የሚበልጠው ግን የደመወዙ ምንጭ ነው። ዊንዶውስ በቫይረስ የተወረረ ስም ካተረፈ ማይክሮሶፍት ደንበኛ ያጣል፤ ዲፌንደር ከቤት ተጠቃሚ በቀጥታ ሳንቲም ሳያገኝ እንዲሠራ የሚያደርገው ይህ ኪሳራ ነው። ቤቱን የሠራው ባለቤት ዘበኛውን ሲያቆም፣ ዘበኛው ቢያጠፋ ቤቱ ራሱ ዋጋ ያጣል። ከዚህ የሚሻል ተያዥ በነጻ ገበያው ላይ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ይህ ማለት ማይክሮሶፍት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ዲፌንደርም አጠራጣሪ ፋይሎችን ወደ ኩባንያው ይልካል (ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ መገደብ ይቻላል)፣ ዊንዶውስም ስለ አጠቃቀም ብዙ ያውቃል። የገበያ ኃይሉም ያሳስባል፤ ሲማንቴክና ማካፊ በ2006፣ ካስፐርስኪ በ2017 ማይክሮሶፍት ተፎካካሪዎችን ያፍናል ብለው በአውሮፓ ቅሬታ አሰምተዋል፤ ከቅሬታው ሁሉም መሠረተ ቢስ አልነበረም። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ዘበኛ ሲቆም ደግሞ ሌቦች ሙያቸውን በአንዱ ላይ ይለማመዳሉ። እነዚህ ለውድድር ባለሥልጣናት ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ለአንዲት ቤተሰብ ግን ሚዛኑ ያዘነብላል፤ አዲስ ሎሌ ከማስገባት ያለውን ማሠራት ይሻላል። ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን የሙከራ ጸረ ቫይረስ ማንሣት፣ ዲፌንደር መብራቱን ማረጋገጥ፣ ሁለት ጸረ ቫይረስ በአንድ ላይ አለማሠራት፤ ሌላ ሲጫን ዲፌንደር በራሱ ገለል ይላልና።

አገር ቤት ደርሶ ለሚመለስ ሰው አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰነድ ለማሳተም የገባ ፍላሽ «ሾርትከት ቫይረስ» ይዞ መውጣቱ፣ ፎልደሮቹም ጠፍተው በቦታቸው አጫጭር ማስፈንጠሪያዎች መታየታቸው ለብዙዎች የተለመደ ነው። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዳይነሣ ያደረገው በ2011 ለቆዩት ዊንዶውሶች በላከው ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያ የማይደርሳቸው ኮምፒውተሮች ግን በየሱቁ ቆይተዋል። ማሻሻያ የማይደርሳቸው ብዙውን ጊዜ ዊንዶውሳቸው በክራክ የተጫነ ስለሆነ ነው። ክራክ የሚያከፋፍለው ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መመሪያ «መጀመሪያ ጸረ ቫይረስህን አጥፋ» የሚል መሆኑ ነገሩን ይናገራል። የነርሷ ልጅ የሚያወርደው ጨዋታም ይህንኑ ሊጠይቀው ይችላል፤ በቤቱ ውስጥ ትልቁ አደጋ ምናልባት እዚያ ላይ ነው። ለልጁ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው የራሱ አካውንት መክፈት ከማንኛውም ነጻ ጸረ ቫይረስ የበለጠ ይሠራል፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ማንም ጸረ ቫይረስ የማይመክተው ጥቃትም አለ፤ ይህን የዚህ ማኅበረሰብ አባላት ከሌሎች ቀድመው አይተውታል። ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል በ2013 ባወጣው ዘገባ ፊንስፓይ የተባለው ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ መሰራጨቱን ገለጸ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር፣ በክሱ ላይ ኪዳኔ በሚል ተለዋጭ ስም የቀረበ አሜሪካዊ ዜጋ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በክሱ እንደቀረበው ከኢሜል ጋር በመጣ የዎርድ ሰነድ የገባው ሶፍትዌር ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ቀድቷል፣ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ያደረገውን የኢንተርኔት ፍለጋ ሳይቀር መዝግቧል። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ክሱ ውድቅ መደረጉን አጸና፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሣም የሚል ነበር ምክንያቱ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚሠራው ከጸረ ቫይረስ ዓይን እንዲሰወር ታስቦ ነው። በዚህ ዓይነት ጥቃት ላይ የሚቆመው የመጀመሪያ መከላከያ ያልተጠበቀ ሰነድ ከመክፈት በፊት ላኪውን በስልክ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው በየጊዜው የሚሻሻል ሥርዓት ነው።

የማሻሻያው ነገር አሁን አስቸኳይ የሆነው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ነው። ዲፌንደር በዊንዶውስ 10 ላይ አዳዲስ ቫይረሶችን የሚለይበትን መረጃ እስከ ኦክቶበር 2028 ማግኘቱን እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። ይህ ዘበኛው እየተመገበ የግቢው አጥር መፍረሱን እንደማለት ነው፤ የሥርዓቱ ቀዳዳዎች ካልተደፈኑ የትኛውም ጸረ ቫይረስ፣ ነጻም ይሁን የተከፈለበት፣ ጉድለቱን አይሞላውም። የተራዘመውን ማሻሻያ ለአንድ ዓመት ለማግኘት አሜሪካ ያለ ሰው 30 ዶላር ይከፍላል፤ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር በማይክሮሶፍት አካውንት ወደ ኩባንያው ማከማቻ ይልካል፤ ወይም በኩባንያው አገልግሎቶች በመጠቀም ያጠራቀመውን 1000 ነጥብ ይሰጣል። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ግን የሸማቾች ማኅበራት የዲጂታል ገበያዎችን ሕግ ጠቅሰው ከተሟገቱ በኋላ በአካውንት መግባት ብቻ በቂ ሆነ፤ ገንዘብም፣ ቅንብር መላክም ቀረ። ስቶክሆልም ያለው ኢትዮጵያዊ በአካውንት በመግባት ብቻ ያገኘውን የለንደኑ በዚያ ብቻ አያገኝም፤ ብሪታንያ ከቀጣናው ወጥታለችና። ሶፍትዌሩ አንድ ነው፣ ቀኑ አንድ ነው፤ የ«ነጻ»ን ትርጉም የወሰነው ተጠቃሚው የሚኖርበት ሕግ ነው።

ነርሷ 30 ዶላሩን ብትከፍል የምትገዛው እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ያለውን ጊዜ ነው። የላፕቶፗ ፕሮሰሰር ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከፈቀደው ዝርዝር ውጭ ከሆነ፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ብዙውን ጊዜ ውጭ ነው፣ ከዚያ በፊት አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ወይም ሊኑክስ መጫን ይኖርባታል። ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ሊሞከር ይችላል፤ ልጇ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊያሳያት ይችላል። የዕቁቡ ዝርዝር ግን እስከዚያ ቅዳሜ መቆየት የለበትም፤ ዛሬውኑ ከላፕቶፑ ተነሥቶ በይለፍ ቃል ወደተቆለፈ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል።